በበልግ ባሌ «ቀለል ብሎ» አይወጣም፦ ለአንድ የጉዞ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረ አንድ የጉዞ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። በፋሲካ እረፍት ባሌ ተራራ ላይ በእግር ስለመጓዝ ነው። ጸሐፊው አምና በሚያዝያ ሦስት ቀን ተጉዘው፣ ፀሐይ ሞቀው፣ ቀይ ቀበሮ አይተው በሰላም ተመልሰዋል። ከዚያ ተነስተው ለሌላው ሰው ምክር ይሰጣሉ። ምክራቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። የበልግ ዝናብ ትንሽ ነው፤ ከሰዓት ወርዶ ያባራል። ሌሊቱ ከበጋው ይሞቃል፤ ስለዚህ ጋቢና ሹራብ ይበቃል። የዝናብ ጃኬት፣ ቅያሪ ልብስ ምናምን የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ ቀለል ብላችሁ ሂዱ። የአየሩን ነገር ስልካችሁ ይነግራችኋል። ከበረዳችሁ አረቄ አለ፣ እሳት አለ። እስከ ጫፉ መኪና የሚወጣበት ተራራ ስለሆነ አያስፈራም። እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ደግሞ ቱሉ ዲምቱን፣ ከፍተኛውን ጫፍ፣ ሳትረግጡ እንዳትመለሱ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ሰው ከከተማ ወጥቶ አገሩን በእግሩ እንዲያይ መጋበዛቸውን ግን ከልቤ እወድላቸዋለሁ። እኔም በበልግ አትሂዱ የምል ሰው አይደለሁም። ዝናብ ያጠበውን ሳነቴ፣ የባሌን ከፍተኛ ሜዳ፣ ጠዋት ላይ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። የምጽፈው ከነጥቦቻቸው ብዙዎቹ በከፊል እውነት ስለሆኑ ነው። ሙሉ በሙሉ ስህተት ቢሆኑ ማንም አይከተላቸውም ነበር። ፋሲካ ደግሞ ደርሷል፤ ከወዲሁ ሻንጣ እያዘጋጁ ያሉ ልጆች አውቃለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድበት።

«ትንሽ ዝናብ ነው፣ ያባራል»

የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች በልግ የሚሉት ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ወቅት ነው። በብዙው የአገራችን ክፍል የበልጉ ዝናብ ከክረምቱ ያንሳል። እዚህ ላይ ጸሐፊው አልተሳሳቱም። ባሌ ግን ሸዋ አይደለም። ተራራው ከህንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣውን እርጥበት ፊት ለፊት ይቀበላል። የባሌ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያጭደው በልጉ ስላለ ነው። አዝመራ የሚያደርስ ዝናብ ሜዳ ላይ ድንኳን ለተከለ ሰው ትንሽ አይባልም።

ደግሞም የበልግ ዋናው ጠባዩ ማነሱ አይደለም፤ አለመታመኑ ነው። ሐምሌ ላይ እንደሚዘንብ ማንም ያውቃል። ወይ ተዘጋጅቶ ይወጣል፣ ወይ ይቀራል። መጋቢትና ሚያዝያ ግን ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል ይቆይና የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ያወርደዋል። አምና ሦስት ቀን ፀሐይ የሞቀ ሰው በዚያ ተነስቶ ስለ ዘንድሮ ሦስት ቀን ቃል መግባት አይችልም።

ከሰዓት ወርዶ ያባራል የሚለውን ደግሞ እስቲ በሰዓት እንየው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሳነቴ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። 3 ሰዓት ሲሆን ጃኬት ይወልቃል። 5 ሰዓት ገደማ በደቡብ፣ በሐረና ጫካ በኩል፣ ነጭ ጉም ከገደሉ አፋፍ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ያምራል፤ ሁሉም ፎቶ ያነሳል። 7 ሰዓት ላይ ከእግር በታች የነበረው ጉም ዙሪያውን ይዘጋል። 8 ሰዓት ላይ በረዶው ይወርዳል፣ ነጎድጓዱ ይከተላል። አዎ፣ ሲመሽ ሊያባራ ይችላል። ግን አርፍዶ የተነሳ ቡድን ከፍታው ላይ የሚደርሰው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

መብረቅን ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳውም። ይህ በጣም አሳስቦኛል። ሳነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ገላጣ ሜዳ ነው። ከጅብራ በቀር ከሰው የሚረዝም ነገር የለም ማለት ይቻላል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትሞሉ ከተሰማ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ቀጣዩ እናንተ ያላችሁበት ሊያርፍ ይችላል። ከጉብታ ውረዱ። ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር ወይም ጥልቀት የሌለው የድንጋይ ጥላ ሥር አትጠለሉ። ተሰብስባችሁ አትቁሙ፤ ተራራቁ፣ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲደርስለት። ጃንጥላ ዝጉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ግን በሌሊት መነሳት ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሻይ፣ ጎህ ሲቀድ ጉዞ፣ 6 ሰዓት ሳይሞላ ከከፍታው መውረድ። እረፍት ላይ ያለ ሰው በሌሊት መነሳት እንደማይወድ አውቃለሁ። ለእኔም ከባድ ነው። ግን አንድ ሰዓት እንቅልፍ መተው ብዙ አደጋ ያስቀራል።

«ሌሊቱ ይሞቃል፣ ጋቢና ሹራብ ይበቃል»

ጋቢ እወዳለሁ። እናቴ ያስፈተለችልኝ ጋቢ አለኝ፤ ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ከእሱ ሌላ አልፈልግም። አራት እጥፍ ጥጥ ደረቅ ከሆነ የሚሰጠው ሙቀት ቀላል አይደለም። ነገሩ ያለው «ደረቅ ከሆነ» የምትለዋ ላይ ነው።

የበልግ ሌሊት ከበጋው ሞቅ ይላል የሚለው እውነት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ስለሚጠራ ምድሩ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቀዋል። ሳነቴ ላይ በጠርሙስ የተተወ ውሃ ሲነጋ በረዶ ሆኖ ይገኛል። በበልግ ግን ደመናው ይሸፍናል፤ ቅዝቃዜው ብዙ ጊዜ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ብሎ ያድራል። ከዚህ ተነስቶ ቀላል ልብስ ይበቃል ማለት ነው ስህተቱ። ከዜሮ በታች 5 ሆኖ ደረቅና ነፋስ የሌለበት ሌሊት በወፍራም ልብስ ይታለፋል። 4 ዲግሪ ሆኖ ወጨፎ ሲመታ ግን ያው ወፍራም ልብስ ራሱ ውሃ ተሸክሞ ሰውየውን ያቀዘቅዘዋል። ውሃ ሙቀትን ከገላ የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። ጥጥ ደግሞ ውሃውን ጠጥቶ ይይዘዋል፤ ቶሎ አይደርቅም። ነፋሱን ጨምሩበት። 5 ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢነፍስ ደረቅ ፊት ላይ እንኳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 1 ያህል ነው። ርጥብ ከሆነ ይብሳል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ አምስት ሆነን ከፓርኩ መግቢያ ከዲንሾ ተነስተን በዌብ ሸለቆ በኩል ወደ ሳነቴ እየወጣን ነበር። ከከይረንሳ ወደ ራፉ ስንሄድ በረዶ ያዘን። የባቄላ ፍሬ የሚያህል በረዶ ሩብ ሰዓት ያህል ወረደና ወደ ዝናብ ተለወጠ። አንዱ ጓደኛችን ጂንስ ሱሪ ለብሷል። ከላይ ቲሸርትና ሹራብ፣ በዚያ ላይ ጋቢ። ጠንካራ ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ ከፊት የሚሄደው እሱ ነው። አንድ ሰዓት ያህል በወጨፎ ከሄድን በኋላ ዞር ስል ከሁላችን ኋላ ሆኗል። የጋቢው ጫፍ ጭቃ ይጠርጋል፣ ውሃ ያንጠባጥባል። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለ። ግን ምላሱ ተሳሰረ። ትንሽ ቆይቶ ድንጋይ በሌለበት ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ።

አስቆምኩት። ከሻንጣው ቆሎ አውጥቶ እንዲበላ ነገርኩት። ዚፑን ያዘ። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ አልገጥም አሉት። አንዴ ዚፑን፣ አንዴ ጣቶቹን እያየ ዝም ብሎ ቆመ። ያ ፊቱ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ቆፈን ብቻ ቢሆን ይሳደብ፣ እጁን ያፍተለትል ነበር። እሱ ግን ምን ሊያደርግ እንደነበር ጠፍቶታል።

ፈረስ ጫኛችን በዕድሜ የገፉ የአካባቢው ሰው ነበሩ። ፈረሱን አቁመው መጡና ፊቱን ተመለከቱት። «ጋቢውን ግፈፉት» አሉ።

«ኦቦ፣ በዚህ ብርድ እንዴት እናውልቀው?» አለቻቸው አንዷ።

«ውሃ ነው እኮ የለበሰው፣ ልጄ። ውሃ ለብሶ የሞቀው ማነው?»

በሸራ ከለልነውና ርጥቡን በሙሉ አወለቅንለት። እኔ ሻንጣ ውስጥ በሁለት ፌስታል የተቋጠረ አንድ ቅያሪ ነበር፤ የሱፍ ሹራብ፣ የስፖርት ሱሪ፣ ካልሲ። እሱን አለበስነው። ሽማግሌው የራሳቸውን ኮፍያ አጠለቁለት። ከሥሩ ፍራሽ አንጥፈን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ከተትነው፤ አንዱ ጓደኛችን አብሮት ገባ። በፔርሙዝ ስኳር የበዛበት ሻይ ነበረን። መዋጥ መቻሉን አይተን ቀስ እያልን አጠጣነው። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኔ ደነገጥኩ። ሽማግሌው ግን «አሁን ደህና ነው» አሉ።

ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ ነው የገባኝ። መንቀጥቀጥ ሰውነት ሙቀት ለማምረት የሚያደርገው ትግል ነው። ርጥብ ሆኖ ብርድ ላይ ያለ ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ሰውነቱ እየተሸነፈ ነው ማለት ነው። ሐኪሞች ሃይፖተርሚያ ይሉታል፤ የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ። ውጪው ከዜሮ በላይ ሆኖም ይመጣል። ምልክቶቹን እወቋቸው፦ ቃል ይተሳሰራል፣ እግር ይደናቀፋል፣ ጣት ዚፕና ቁልፍ አይይዝም፣ ሰውየው ያለ ምክንያት ይነጫነጫል ወይም ዝም ይላል። «ደህና ነኝ» የሚለውን አትመኑት። የመጨረሻ የሚያውቀው እሱ ነው።

ያ ቅያሪ አንድ ኪሎ አይሞላም። «ቀለል በሉ» የተባለ ሰው ከሻንጣው መጀመሪያ የሚያወጣው እሱን ነው።

«የፈረንጅ ጣጣ ነው»

ይህ ነጥብ አሳዝኖኛል፤ የራሳችንን ደገኛ መርሳት ስለሆነ። የመንዝ ሰው ብርድ ሲመጣ ባናና ዝተት የሚደርበው ለምንድነው? ከበግ ፀጉር ስለሚሠሩ ነው። በርኖስም ያው ነው። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ገላ ላይ ርጥብ አይመስልም፤ ማሞቁን አይተውም። እረኛው ደግሞ ባናውን ለዝናብ አይሰጥም። ከላይ ገሳ ይደርባል። ገሳው ከሣር የተሠራ ነው፤ ውሃው በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ መሬት ይወርዳል። ከውስጥ የሚያሞቅ፣ ከላይ ውሃ የሚመልስ። ዛሬ ውድ የተራራ ልብስ የሚሠራው በዚሁ ሐሳብ ነው። ደገኛው ያለ ፈረንጅ ያወቀውን ነገር የፈረንጅ ነው ብለን ልንተወው አይገባም።

ወጪውም ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ሰልቫጅ የሚሸጥበት ሂዱ። ልብሱን ከማየታችሁ በፊት ከውስጥ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ አንብቡ። ሱፍ ወይም ፖሊስተር የሚል ከሆነ ያዙት። ኮተን የሚል ከሆነ፣ ምንም ቢያምር፣ ለተራራ አይሆንም። ጂንስ ቤት ይቅር። ለዝናቡ ሞተረኞች የሚለብሱት የላስቲክ ጃኬትና ሱሪ ይበቃል፤ ያልባል፣ ግን ወጨፎ ይመልሳል። ጃኬት ብቻ ይዛችሁ ሱሪውን አትተዉ፤ ከጉልበት በታች የረጠበ ሰው ቀኑን ሙሉ ይበርደዋል። ኮፍያና ጓንት፣ ጓንቱ ሁለት። ቅያሪውና ስሊፒንግ ባጉ በወፍራም ላስቲክ ተቋጥረው ሻንጣ ውስጥ ይግቡ። «ውሃ አያስገባም» የተባለ ሻንጣ ያስገባል።

ቅያሪው ለማደሪያ ነው። ጠዋት ርጥቡን ካልሲ መልሶ ማጥለቅ ያስጠላል፤ ቢሆንም አጥልቁት። ደረቁን ለብሳችሁ ከወጣችሁ ማታ የምትለብሱት የላችሁም።

ድንኳን የምትከራዩ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ግቢ ውስጥ ትከሉትና ሁለት ባልዲ ውሃ ድፉበት። እኛ የተከራየነው ስፌቱ ያፈስ ነበር። ያወቅነው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው።

«ስልካችሁ ይነግራችኋል»

እዚህ ላይ አልቆይም። ስልኩ የሚያሳየው በአብዛኛው የከተማውን፣ የጎባን ወይም የሮቤን አየር ነው። ጎባ ከ2,700 ሜትር ትንሽ ከፍ ትላለች። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ጎባ 18 ከሆነ ጫፉ ላይ 7 ገደማ ነው፤ ነፋሱና ዝናቡ ሳይቆጠር። ትንበያውን ማየት ጥሩ ነው፤ እኔም ከመሄዴ በፊት አየዋለሁ። ዲንሾ ስትደርሱ ግን ከተራራው የወረዱትን ሰዎች ጠይቁ። ትናንት በስንት ሰዓት እንደዘነበ፣ ወንዙ ምን እንደሚመስል የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ስልኩን ለሌላ ነገር ጠብቁት። ብርድ ባትሪ ይጨርሳል፤ ከውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ ይሁን። ካርታውን ኔትወርክ ካለበት አውርዳችሁ ያዙ። ጉም ሲዘጋ ሳነቴ ሁሉም አቅጣጫ አንድ ነው፤ ሃያ እርምጃ ከፊት ያለው ሰው ይጠፋል። ያኔ የሚያወጣው ተቀራርቦ መሄድና ቦታውን የሚያውቅ የአካባቢው መሪ ነው። ይህን ገንዘብ አትቆጥቡት።

«አረቄ አለ፣ እሳት አለ»

አረቄ ያሞቃል የሚለውን ሁላችንም ሰምተን ነው ያደግነው። ሲጠጡት በእርግጥ ይሞቃል። የሚሞቀው ግን ቆዳ ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ ከውስጥ የነበረው ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣና በነፋስ ይሄዳል። መንቀጥቀጡንም ይቀንሰዋል። ያ ጓደኛችን ዚፑ ላይ ቆሞ ሳለ አረቄ ብንሰጠው ኖሮ የቀረችውን ሙቀት እኛው በእጃችን እናስወጣበት ነበር። ከፍታ ላይ ደግሞ ራስ ምታቱ ከየት እንደመጣ መለየት ያስቸግራል።

እሳቱም አይታመንም። በበልግ የአስታው፣ የተራራው ቁጥቋጦ፣ እንጨት ርጥብ ነው። ዝናብ ላይ የሚነድ እሳት በጣም ለሚያስፈልገው ሰው አይደርስለትም። ደረቅ ቢሆን እንኳ ከፓርኩ እንጨት መልቀም አይገባም። አስታ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ እሳት ስንት ጊዜ እንደጎዳውም የባሌ ሰው ያውቃል። አነስተኛ የጋዝ ምድጃ ያዙ፣ ሻይ ለማፍላት ይበቃል።

ሰውነትን የሚያሞቀው ምግብ ነው። በዚህ ደግሞ አርሲና ባሌ ለእኛ መምህር ናቸው፤ ጭኮ አላቸው። የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ፣ አይበላሽም፣ ትንሽ ቆርሰው እየሄዱ ይበሉታል። መንገድ ላይ ጉልበት ይሰጣል። ከፋሲካ በፊት የምትሄዱ ጾመኞች በሶን በዘይት አሽታችሁ ያዙ፤ ቆሎና ኦቾሎኒ ጨምሩ። ሁዳዴ ላይ በባዶ ሆድ እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ተራራ መውጣት ግን አደራ፣ ይቅር። ሰውነቱ ነዳጅ የሌለው ሰው የሚንቀጠቀጥበት ኃይል አያገኝም። በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብሉ፤ ሳይርባችሁ።

«መኪና የሚወጣበት ተራራ ነው»

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሳነቴን አቋርጦ ያልፋል። ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍም የመኪና መንገድ ተገንጥሎ ይወጣል። መኪና መውጣቱ ግን የተራራውን አየር አይለውጠውም። እንዲያውም አንድ አደጋ ይጨምራል፤ ሳይለምዱ መድረስ። ከአዲስ አበባ በመኪና ተነስቶ በነጋታው 4,377 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ከሚተነፍሰው አየር የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሊይዘው ይችላል። ከፍታው ያመመውና ብርድ የያዘው ሰው ደግሞ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ይደናቀፋሉ፣ ሁለቱም ግራ ይገባቸዋል። ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። እዚያ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት ማደር ይጠቅማል። ከ3,000 ሜትር በላይ ማደሪያችሁን በአንድ ቀን ከ500 ሜትር ብዙ አታስበልጡ። እየተደናቀፈ ያለ ሰው ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ማድረቅና ማውረድ።

መኪናም አለ ብላችሁ አትተማመኑ። ጉም ሲወርድ መኪናውም ይቆማል።

«ጫፉን ሳትረግጡ እንዳትመለሱ»

ከሁሉ በላይ ይህችን አረፍተ ነገር ነው የምቃወመው። ሌላው ሁሉ ስህተት በዕቃ ይስተካከላል፤ ይህኛው በዕቃ አይስተካከልም።

ቱሉ ዲምቱ ማለት በኦሮምኛ ቀይ ጉብታ ማለት ነው። ያምራል፤ ግን የትም አይሄድም። ተራራ ላይ ሰው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መሄድ ባለመቻሉ ሳይሆን መመለስ ባለመፈለጉ ነው። ከአዲስ አበባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ገንዘብ አውጥቶ፣ እረፍት ወስዶ መጥቷል። ጫፉ ይታየዋል። ደመናው ደግሞ ገና ነው ይመስለዋል። በዚያ ሰዓት ላይ ቁጭ ብሎ መወሰን ከባድ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ከበፊቱ፣ ማታ ድንኳን ውስጥ ያልቅ። በእኛ ቡድን ሕጉ እንዲህ ነው፦ 6 ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት እንመለሳለን። ከዚያ በፊት ነጎድጓድ ከሰማን እንመለሳለን። ከመሀላችን አንድ ሰው ከረጠበና ቅያሪውን ከለበሰ እንመለሳለን፣ ሁላችንም። የሚወስነው የሚፈጥነው ሰው አይደለም፤ በጣም የደከመው ነው።

ወንዙንም አስቡት። ጠዋት ድንጋይ ድንጋዩን ረግጣችሁ የተሻገራችሁት ውሃ ከሰዓት ጉልበት ሊደርስ ይችላል። ደንካም፣ ዌብም፣ ገባሮቻቸውም ላይ ሲዘንብ ቶሎ ይሞላሉ። ውሃው ከደፈረሰና ድንጋይ ሲያንከባልል ከሰማችሁ አትግቡበት። ጠብቁ። ከላይ ዝናቡ ካቆመ ጠዋት ይጎድላል። ለዚህ ነው የአንድ ቀን ትርፍ ምግብ የምትይዙት፤ ለዚህ ነው ሥራ የምትገቡበትን ቀን ከመመለሻችሁ ማግስት የማታደርጉት። መሄድ አለብኝ ያለ ሰው ነው ወንዝ ውስጥ የሚገባው።

እኛ ያን ጊዜ ቱሉ ዲምቱ አልደረስንም። በነጋታው ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ሣሩ እያንጸባረቀ፣ አንዲት ቀይ ቀበሮ ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጣ እያየናት ወደ ኋላ ተመለስን። ሁለቱ ልጆች አኩርፈው ነበር። ዲንሾ እስክንደርስ አልፏቸዋል።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡት አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ። ጽሑፉን አያጥፉት፤ ብዙ ሰው እንዲሄድ አድርጓልና። ጋቢ ይበቃል የሚለውንና ሳትረግጡ አትመለሱ የሚለውን ብቻ ያውጡልን። በቦታቸው የመመለሻ ሰዓት ያስገቡ፣ በላስቲክ የተቋጠረ አንድ ደረቅ ቅያሪም ይጨምሩ። ከፋሲካ በፊት ቢሆን ደግ ነው።

ያ ጓደኛችን ዘንድሮም አብሮን ይሄዳል። ጋቢውንም ይይዛል። ድንኳን ውስጥ ሊለብሰው፣ በሁለት ፌስታል ቋጥሮ።